ለኡድ የተሠራ ማቶት

ኡዱ ለሦስተኛ ጊዜ ከጭናቸው ላይ ሲንሸራተት ሐቦባ አንገቱን በግራ እጃቸው ቀለብ አደረጉና ሳቁ።

«አርጅቷል መሰለኝ፤ መቀመጥ ረስቷል» አሉ።

እኔ ግቢውን እየጠረግሁ ነበር። መጥረጊያዬን ተደግፌ አየሁ። የረሳው ኡዱ አልነበረም። ኡድ ሲመታ ላላየ ሰው ልንገረው፤ እንደ ክራር ክር ያለው የሙዚቃ መሣሪያ ነው፤ ሆዱ እንደ እንስራ ክብ ነው፣ አንገቱ አጭር ነው፣ የሚመታውም ተቀምጦ ነው። መቺው ክቡን ጀርባ ወደ ራሱ ሆድ አዙሮ ቀኝ ጭኑ ላይ ያሳርፈውና በቀኝ ክንዱ ጥብቅ አድርጎ ያቅፈዋል። ክንድ ካላቀፈው ያ ሁሉ ክብነት የት ይቀመጣል? የሐቦባ ቀኝ ትከሻ ደግሞ እኔ ወደዚያ ቤት ከመግባቴ በፊት ወድቀው ተሰብሮ፣ እንደ ጠመመ ነው የዳነው። ጣታቸው ይሠራል፣ አንጓቸው ይዞራል፤ ክንዳቸው ግን ትራስ እንኳ ማቀፍ አይችልም። በዚያ ላይ ቶባቸው አለ። ቶብ የሱዳን ሴት ከራሷ እስከ እግሯ የምትጠቀለልበት ጨርቅ ነው፤ የሐቦባ ቶብ እንደ ዓሣ ቆዳ ያንሸራትታል።

ሐቦባ ማለት በሱዳን አያት ማለት ነው። እኔም ከቤቱ ልጆች ጋር እንደዚያው እጠራቸው ነበር። ቤቱ ካርቱም፣ አርካዊት የሚባል ሰፈር ነው፤ የሴት ልጃቸው ቤት። ልጃቸውን እኔ መዳም እላታለሁ። በዐረብኛ አንቱታ ስለሌለ ከሐቦባ ጋር ሳወራ አፌ እንደ እኩያ ነበር የሚያወራው፤ በሐሳቤ ግን ሁልጊዜ እርስዎ ነበሩ፤ እዚህም እንደዚያው እጽፋቸዋለሁ።

ሐቦባ እዚያው ካርቱም ቡሪ ሰፈር ተወልደው ያደጉ ናቸው። በልጅነታቸው ከወንድማቸው ኡድ ተምረው፣ በር ተዘግቶ ሴቶች ብቻ በተሰበሰቡበት ይመቱ ነበር። መዳም ስታገባ በሕናዋ ቀን፣ ሙሽራ እጅና እግሯን በምትቀባበት፣ የመቱላት እሳቸው ናቸው። ከዚያም መዳም ሴት ልጅ ስትወልድ፣ «ለዚህችም እመታለሁ» ብለው ማሉ። ልጅቱ አድጋ ዩኒቨርሲቲ ጨረሰች፤ ሠርጓ ከዒድ በኋላ ሊሆን ተቆረጠ። አንድ ቀን እራት ላይ ሐቦባን አየቻቸውና፣ «ሐቦባ ካልመታችልኝ ሕናውን እግሬን እንኳ አላስነካም» አለች። ሐቦባ ቀና አሉ። በማግሥቱ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ኡዱን እንዳወርድላቸው አዘዙኝ። አቧራው የሁለት ዓመት ነበር።

መዳም ነገሩን አልወደደችውም። ክፉ ሴት ሆና አይደለም፤ እናቷ ሰው ፊት እንዳይዋረዱ ፈርታ ነው። ሦስተኛውን መንሸራተት በመስኮት አይታ ወጣች።

«እማ፣ ሁለት መቶ ሴት ይመጣል። በመሐል ቢወድቅብሽስ?»

«ይወድቃል ያለው ማን ነው?»

«አሁን ሦስቴ ወደቀ!»

«አልወደቀም፤ ተያዘ» አሉ ሐቦባ።

መዳም ወገቧን ይዛ ቆመች። «ኸላስ፣ እንስማማ። እስከ ሕናው ቀን ድረስ ተለማመጂ። ከዛሬ በኋላ ግን አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ከወደቀ ወደ ቁም ሣጥኑ ይመለሳል። ዘፋኟ ከነከበሮዋ ትበቃለች።»

ሐቦባ ዞር ብለው እኔን አዩኝ። የዚያን ዕለት ያዩኝ አስተያየት ነች ሥራ ያስያዘችኝ። «አንቺ ሐበሺያ፣ ሁልጊዜ እየጻፍሽ ነው፤ ሐሳብ አይጠፋሽም። ያላ፣ አስቢ።»

እውነታቸውን ነው፤ እጽፍ ነበር። ከወሎ ስመጣ ሰባተኛ ክፍልን ያጋመስኩ ሰው ነበርኩ፤ ግጥም ያስተማረኝ የለም። በሳሙና ካርቶን ጀርባ፣ በስኳር ከረጢት ላይ፣ ብረት በማሞቅበት ጊዜ እንኳ እጽፍ ነበር። አንድ ቦታ አርፌ መቀመጥ ስለማልችል መዳም «ወንበር ያቃጥልሻል ወይ?» ትለኝ ነበር። አሁን ደግሞ ኡድ አርፎ እንዲቀመጥ የማደርገው እኔ ሆንኩ።

መጀመሪያ የመጣልኝ ትራስ ነው። ለማንም ይኸው ነው የሚመጣለት። ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ቆርጬ፣ በመሐሉ ጎድጎድ አድርጌ፣ በወፍራም ጨርቅ ሰፋሁት። ሐቦባ ጭናቸው ላይ አድርገው ኡዱን አስቀመጡበት። አልተንሸራተተም! እልል ልል አፌን ስከፍት ሐቦባ ክሩን መቱት። ድምፁ ብርድ ልብስ ተከናንቦ እንደሚያወራ ሰው ሆነ። ደግመው መቱ። ያው ነው።

«ያ ቢቲ፣ እንዲቀመጥ ነበር ያልኩሽ፤ አስተኛሽው እኮ!»

ቢቲ ልጄ ማለት ነው። ሲሰድቡኝም ሲወዱኝም በዚችው ቃል ነበር። ያን ቀን የተማርኩት ነገር፣ የኡድ ድምፅ የሚወጣው ከክሩ ብቻ አለመሆኑን ነው። ያ ስስ ክብ ጀርባ ራሱ ይዘምራል። ስፖንጁ ጠቅላላ ጀርባውን አፍኖ ይዞት ነበር።

ቀጥሎ ማንገቻ ሠራሁ። ካረጀ ቶብ ጠርዝ ሰፊ መቀነት ቀድጄ በግራ ትከሻቸው አሻግሬ ከኡዱ ጋር አሠርኩት። ከፊት ሲታዩ ጥሩ ነበር፤ ግን ኡዱ ክብ ስለሆነ ማንገቻው ውስጥ ዞሮ ወደ ጎናቸው ሄደ። ሐቦባ እሱን ሲከተሉ እሳቸውም ዞሩ። መዳም ሻይ ይዛ ስትወጣ እናቷን በዚያ ሁኔታ አየቻቸው።

«ውይ እማ! የሀፍላ ኩምሳሪ መሰልሽ እኮ!»

ሀፍላ አውቶቡስ ነው፤ ኩምሳሪ ደግሞ ቦርሳውን በትከሻው አንግቶ በር ላይ ተንጠልጥሎ ሒሳብ የሚቀበለው ልጅ። ሐቦባ ወዲያው እጃቸውን ዘረጉላት። «ሒሳብ!» አሉ። «ያልከፈለ ይውረድ!» መዳም ሻዩን እስክትደፋ ሳቀች። ግን ስትገባ ጣቷን ቀስራ አስታወሰችን። አንድ ጊዜ ብቻ።

ሐሙስ ማታ እረፍቴ ነው። ከአርካዊት ሁለት ሀፍላ ቀይሬ ሐጅ ዩሱፍ የሚባል ሰፈር እገባለሁ። እዚያ አራት ሆነን አንድ ክፍል ተከራይተናል፤ ሁላችንም በየሰው ቤት እየሠራን ለዓርብ እንገናኛለን። ታላቃችን ቡሪ የምትሠራ የወሎ ቦረና ሴት ነበረች፤ እትዬ እላታለሁ። እትዬ ዓርብ ጧት ልብስ ስታጥብ የኡዱን ነገር ከነስፖንጁ፣ ከነኩምሳሪው አወራኋት። ሳሙናውን ከእጇ ላይ እየጠረገች አዳመጠችኝ።

«ሆዱ ክብ ነው?»

«ክብ ነው።»

«እንደ እንስራ?»

«እንደ እንስራ።»

«አንቺ ልጅ፣ እናትሽ እንስራ በትራስ ላይ ነበር የምታስቀምጠው?»

መልስ ሳትጠብቅ ቀጠለች።

«ወይስ በመቀነት አንግታው ትዞራለች? ከተሜ ሆነሽ ሞተሻል! ክብ ነገር የሚቀመጠው በምንድነው?»

«በማቶት» አልኩ፤ ድምፄ እንደ ተማሪ ድምፅ ቀጠነ።

ማቶት! ከጨርቅና ከሣር ተጠቅልሎ እንደ ቀለበት የሚታሰር፣ እንስራ ቂጡን የሚያሳርፍበት። ስንት ጊዜ በእጄ ሠርቼዋለሁ። ካርቱም መጥቼ ሁሉም ነገር ታችው ጠፍጣፋ ሆኖ ሳገኘው ረስቼዋለሁ እንጂ።

እትዬ ልብሱን ዘፍዝፋ ተወችው። መንገዱ ዳር አንገረብ የሚሉትን የገመድ አልጋ የሚጠልፍ ሽማግሌ አለ፤ ከእሱ ዘንድ የተምር ዛፍ ገመድ ቁርጥራጭ ለምነን አመጣን። እትዬ በእግሯ ጣት ይዛ ገመዱን ትጠመዝዛለች፣ እኔ አሮጌ ጨርቅ እጠቀልልበታለሁ። ስንጨርስ ጠንካራ፣ ወፍራም፣ የሚያኮራ ማቶት ወጣልን። እኔም መቀመጥ አልቻልኩም፤ ቆሜ ግጥም ወረወርኩላት።

«ሆዱ ክብ ነው ብለሽ አትናቂው ኡዱን፣
ማቶት ስጪውና ያሰማሽ ጉዱን።»

«ይኸን ደግሞ ካርቶን ላይ ጻፊውና አይጥ ታንብበው» አለች እትዬ። ቀጥላ ግን ልብሱን እያሸች ስታንጎራጉረው ሰማኋት።

በሀፍላው ስመለስ ኩምሳሪው ማቶቱን ከእጄ ነጠቀና አናቱ ላይ ደፋው። «የባሕረ ሰላጤ ሼክ ሆንኩ!» ብሎ ለተሳፋሪው ሁሉ አሳየ። «ምንድነው ይኸ?» አለኝ መልሶ ሲሰጠኝ። «የኡድ መቀመጫ ነው» ስለው ከጎኔ ያለችው ሴትዮ፣ «ሐበሾች ለሁሉም ነገር መቀመጫ አላቸው» አለች። እኔ ግን ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ተገላገልኩ።

አልተገላገልኩም። ቅዳሜ ጧት ማቶቱን በሐቦባ ጭን ላይ አኑሬ ኡዱን አስቀመጥኩበት። ቁጭ አለ። እንደ እንስራ ቁጭ አለ። እንስራ ደግሞ ሲቀመጥ አፉ ወደ ላይ ነው! ኡዱ ክቡን ጀርባውን ማቶቱ ውስጥ ቀብሮ ፊቱን ወደ ሰማይ አንጋጠጠ፤ ክሮቹ ሽቅብ ሽቅቡን ያያሉ። ሐቦባ እጃቸውን ለመምታት ማንሣት ነበረባቸው፤ ትከሻቸው ደግሞ የማይፈቅደው ይኸንኑ ነው።

«ዱዓ እያደረገ ነው» አሉ ኡዱን እያዩ። «አሚን እንበለው?»

እኔና እትዬ ሁለት የወሎ ሴቶች ሆነን አንድ ሙሉ ዓርብ ስንጠመዝዝ፣ ኡድ እንደ እንስራ ሽቅብ ሳይሆን በጎኑ ቆሞ ፊቱን ወደ ሰው የሚያዞር መሆኑ አንዳችንም ትዝ አላለንም። ክብ ካልን በኋላ ሌላ አላየንም። አፈርኩ። ማቶቱን ላነሣው ስል ሐቦባ እጄን ያዙ።

«ቆይ።» ክሩን በአውራ ጣታቸው ነካ አደረጉት። ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ግቢውን ሞላው። ማቶቱ ጀርባውን የነካው በቀለበቱ ዳር ብቻ ነው፤ መሐሉ ባዶ ነው፤ ስለዚህ አልታፈነም። ተያየን።

«መቀመጫውስ ደህና ነው» አሉ ሐቦባ። «አንገቱን ማስደፋት ነው የቀረን።»

ፊቱ ወደ ሴቶቹ እንዲያይ ማቶቱ ራሱ ወደ ፊት ማዘንበል አለበት፤ ጭናቸው ላይ ካዘነበለ ደግሞ ይወርዳል። ስለዚህ ጭናቸውን ትቶ መሬት የቆመ ነገር ላይ መሆን አለበት። ዓይኔ ግቢውን ዞረ። ከቧንቧው ሥር ሐቦባ ለሰላት ሲታጠቡ የሚቀመጡባት በምበር ነበረች። በምበር መቀመጫዋ በገመድ የተጠለፈ፣ አራት እግር ያላት ዝቅተኛ በርጩማ ናት። ሐቦባ ዓይኔን ተከትለው አዩዋት።

«ሁለቱን የፊት እግሮች ብናሳጥራቸው...» አልኩ።

«ቁረጫት።»

«ሲታጠቡ ምን ላይ ይቀመጣሉ?»

«ቁረጫት አልኩሽ! እኔ ቆሜ መታጠብ እችላለሁ፤ ኡዱ ቆሞ መመታት አይችልም።»

መጋዝ ከጎረቤት ተዋስኩ። እንጨቱ ደረቅ ነበር፤ ላቤ እየወረደ አንዱን እግር ቆረጥኩ፣ በቁራጩ ለክቼ ሁለተኛውን ቆረጥኩ። በምበሯ ወደ ፊት እንደሚሰግድ ሰው ጎንበስ አለች። ማቶቱን ከመቀመጫዋ ገመድ ጋር አጥብቄ ሰፋሁት። ከዚያ መጋዙን ልመልስ ጎረቤት ሄድኩ፤ ሐቦባ ኡዱን ሊያመጡ ገቡ። ለአንድ ደቂቃ ያህል በምበሯ ግቢው መሐል ብቻዋን ቆመች።

ስመለስ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። መዳም ስልክ እያወራች ወጣች። ያን ጊዜ ሞባይል ለብዙ ሰው ብርቅ ነበር፤ እሷም አዲስ ይዛ ስለነበር ስታወራ ዓይኗ ሌላ ነገር አያይም። በምበሯን አየች፤ አዲስ ማቶት አለባት፤ ትራስ የተደረገላት መሰላት። «አይዋ፣ አይዋ፣ ኢንሻአላህ» እያለች ቁጭ አለች።

በምበሯ ሥራዋን አወቀች። መዳም ቀስ ብላ፣ እንደ ተከበረ ሰው፣ ወደ ፊት ተንሸራትታ ግቢው ላይ በቂጧ አረፈች። ስልኩ ከጆሮዋ አልወረደም። «አለሽ?» ይላል ከወዲያ ያለው ሰው። «አለሁ» አለች መሬት ላይ ሆና፣ «ደህና ነኝ፤ መልሼ እደውላለሁ።»

እኔ በሩ ላይ ደረቅሁ። ሐቦባ ኡዱን በግራ እጃቸው ይዘው ብቅ አሉ። ልጃቸውን አዩ፣ በምበሯን አዩ።

«እማ፣ ይኸ ነው መደገፊያው?» አለች መዳም ቶቧን እያራገፈች። «ይኸው ወደቀ! አንድ ጊዜ ብቻ ብዬ ነበር፤ ወደቀ!»

«ማን ወደቀ?» አሉ ሐቦባ።

«እኔ ነኛ!»

«የተስማማነው በኡዱ ነው» አሉ ሐቦባ። «አንቺ ብትወድቂስ ማን ቁም ሣጥን ላይ ይሰቅልሻል?»

መዳም ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ ነበር። መሬት ላይ እንደተቀመጠች ሳቀች። እኔም በሩ ላይ ሆኜ መጋዝ የያዝኩበትን እጄን አፌ ላይ አድርጌ ሳቅሁ፤ መጋዙን መልሼ ይዤው ነው የመጣሁት፤ ጎረቤቱ በሩን አልከፈተልኝም ነበር። ከዚያ መዳም እጇን ወደ እናቷ ዘረጋች። «እስቲ ምቺ» አለች።

ሐቦባ አንገረባቸው ላይ ተቀመጡ። በምበሯን ከፊታቸው አስጠጋሁ፤ ከፍ ያለው ጎኗ ወደ እሳቸው፣ ዝቅ ያለው ወደ ፊት። ኡዱን አሳረፍንበት። ጀርባው ማቶቱ ውስጥ ገባ፤ የማቶቱ የታችኛው ከንፈር ደግፎ ያዘው፤ ፊቱ ወደ እኔና ወደ መዳም ቀና አለ። ክንድ አላቀፈውም። ሐቦባ ግራ እጃቸውን አንገቱ ላይ አሳረፉ። ከዚያ በፊት ያ እጅ ኡዱ እንዳይወድቅ የሚይዝ ዘበኛ ነበር፤ አሁን ሥራውን ለቀቀ። ጣቶቹ ሮጡ። ሁለት ዓመት ታስረው እንደ ተፈቱ ልጆች ክሩ ላይ ላይና ታች ሮጡ። መዳም ከመሬት ሳትነሣ ጨርሳ ሰማች። ሲያበቃ ያለችው፣ «እስከ ሕናው ገና አሥር ቀን አለ፤ ስምምነታችን እንዳለ ነው» ነው። ድምጿ ግን ተለውጧል።

አሥሩን ቀን አልወደቀም። አንዴ ድመት ዘላበት እንኳ አልወደቀም።

በሕናው ቀን ከሰዓት ግቢው በሴት ተሞላ። ዘፋኟ በከበሮዋ ስታንቀጠቅጠው ቆየችና ዝም ተባለ፤ ሐቦባ መጡ። በምበሯን አንድም ሰው እንዳያያት ቀይ ጨርቅ አልብሼያት ነበር። እኔ ከኋላቸው ቆምኩ። መዳም ግን ከፊት፣ ምንጣፉ ላይ፣ ሐቦባ እግር ሥር ቁጭ አለች፤ ሁለት እጆቿንም ከኡዱ በታች ዘርግታለች፤ ሕፃን የሚወርድላት ትመስላለች። ከጎኗ ያሉት ሴቶች ምን እየጠበቀች እንደሆነ አላወቁም። እኔና ሐቦባ እናውቅ ነበር።

የመቱት በወጣትነታቸው ቡሪ ይመቱት የነበረውን የሙሽራ ዘፈን ነው። መጀመሪያ ቀስ አሉ። ከዚያ ትልልቆቹ ሴቶች ዘፈኑን አወቁት፤ አንዷ ጀመረች፣ ሌላዋ ተቀበለች። ሐቦባ ፍጥነት ጨመሩ፤ ቶባቸው ከራሳቸው ላይ መንሸራተት ጀመረ። እዚህ ላይ ነው የፈራሁት። የሱዳን ሴት ቶቧ ከራሷ ከወረደ ምንም ነገር በእጇ ቢኖር ታስተካክላለች፤ ሳታስበው ነው የምታደርገው። ሐቦባም ሳያስቡት በዜማው መሐል ሁለቱንም እጃቸውን ከኡዱ ላይ አነሡ። ቀኙ በቻለው ልክ፣ ግራው ሙሉ በሙሉ፣ ቶባቸውን ያዙ፣ ወደ ራሳቸው መለሱ፣ በትከሻቸው አሻገሩ።

ኡዱ ፊቱን ወደ ሴቶቹ እንዳደረገ ቁጭ ብሎ ጠበቃቸው። የመጨረሻው ምት ገና ሆዱ ውስጥ ይዘምር ነበር።

ከዚያ እጃቸውን መለሱና ካቆሙበት ቀጠሉ። መዳም የተዘረጉትን እጆቿን አየቻቸው። አጠፈቻቸውና ጭኗ ላይ አኖረቻቸው፤ ከዚያ ወደ ሰማይ አንጋጣ ሰምቼው የማላውቀውን እልልታ ለቀቀች። ሙሽራዋ ሕና በተቀባ እጇ ማጨብጨብ ስላልቻለች ምንጣፉን በተረከዟ ትመታው ጀመር፤ እግሯም ገና አልደረቀም ነበርና ሕናው ምንጣፉን አበላሸው፤ የተቆጣ ሰው አልነበረም።

ወደ አመሻሹ የዐስር ሰላት አዛን ሲጠራ ዘፈኑ ቆመ። ሐቦባ ሊታጠቡ ተነሡና ወደ ቧንቧው ሄደው ቆሙ። ዞረው በቀይ ጨርቅ የተሸፈነችውን በምበር አዩ፤ ኡዱ በላይዋ ተደላድሎ ተቀምጧል።

«ያ ቢቲ፣» አሉኝ፣ «እሱስ ተቀመጠ። እኔ አሁን ምን ላይ ልቀመጥ?»

ይህን የሰማች መዳም ወደ ቤት ገባች። ከእንግዳ ክፍሏ፣ እኔ እንኳ በደረቅ ጨርቅ ብቻ እንድጠርገው የታዘዝኩትን፣ ቬልቬት የለበሰውን ወንበሯን ተሸክማ ወጣችና ከቧንቧው ሥር፣ ውኃው ላይ፣ ቁጭ አደረገችላቸው።